ስለት ይዣለሁ

የሺእመቤትን ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላታል። ወይ ጉድ! አትላንታ አጠገብ፣ ሮዝዌል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ላውንድሪ ውስጥ አብረን ስንሠራ ስንቱን ሱፐርቫይዘር በዓይኗ ብቻ እንዳባረረች እኔ ፋናዬ አውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ነው። አንዲት ስፔናዊት አሮጊት ራስጌያቸው ላይ የሰቀሉት ያገራቸው ፎቶ ነበር፤ ባሕር ውስጥ ዘልቆ የገባ ዓለት፣ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን። እመቤታችን በድንጋይ ጀልባ ተጉዛ እዚያ ወረደች፣ የጀልባዋ ሸራ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፣ ተሳላሚው ሁሉ ከሥሩ ይሾልካል ብለው ነገሯት። ልጇ ታዲዮስ ያን ሰሞን መኪና ገጭቶት "ከእንግዲህ አይራመድም" ተባለ። የሺ ፎቶው ፊት ተንበረከከች። "ልጄን አቁሚልኝ፤ እዚያው ድረስ መጥቼ ከድንጋይሽ ሥር እሾልካለሁ" ብላ ተሳለች።

ታዲዮስ እያነከሰም ቢሆን ቆመ። የመታመም ተራው የሷ ጀርባ ሆነ። ዶክተሩ ዊልቼር ሲያዝላት እሷ የስፔን ቲኬት ቆረጠች! የማኅበር ጓደኞቻችን "ቦታው የካቶሊክ አይደለም ወይ?" ቢሏት፣ "እመቤቴን ፓስፖርት ልጠይቃት እንዴ?" አለች። ታዲዮስም ስለቱን ሳያውቅ፣ ሊጠብቃት ብሎ አብሮን መጣ።

አትላንታ ኤርፖርት ፍተሻው ላይ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ነጠላችንን አይታ በአማርኛ ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ስለት ይዘዋል?"

ቢላዋ፣ መቀስ ማለቷ ነው።

"ይዣለሁ እንጂ!" አለች የሺ ቀና ብላ።

"የት ነው ያለው?"

"ሆዴ ውስጥ!"

አቤት የዚያን ቀን ጉድ! ሰልፉ ቆመ፣ ቦርሳዋ ተዘረገፈ። ከዳቦ ቆሎ በቀር ምንም አልተገኘም። እኔ በሳቅ ሞትኩ፣ ታዲዮስ በሀፍረት።

"የምን ስለት ነው?" አላት።

"አያገባህም።"

ስንደርስ ነፋሱ ነጠላችንን ሊነጥቀን ይታገላል፤ ማዕበሉ ዓለቱን እየመታ ፊታችን ላይ ይረጫል። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ፈራሁ። የሺ ግን በትሯን ተደግፋ ቁልቁል ወደ ድንጋዩ ወረደች። ሥሩ ያለው ቀዳዳ ዝቅ ያለ ነው፤ ካልተሳቡ አያሳልፍም። ታዲዮስ ቀድሟት ፊቷ ተገተረ።

"እማዬ፣ ኢናፍ! ጀርባሽ ሰርጀሪ ነው የሚጠብቀው። ከሩቅ ተሳለሚና እንሂድ።"

"ዞር በል።"

"አላሳልፍሽም!"

በትሯን መሬት ላይ ወረወረችው።

"እሷ አንተን አቆመችህ፤ አንተ ደግሞ እኔን ልታቆመኝ ነው?"

"እኔን?" አለ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ።

"አዎ፣ አንተን!" አልኩት፤ ንዴቴ መጣ። "አይራመድም የተባልክ ጊዜ ተስላልህ ነው። የቆምክበት እግር ስለቱ አይደለም ወይ?"

ዞር አለላት። የሺ በደረቷ ተኝታ ገባች። መሐል ላይ ስትደርስ አቃሰተች። ታዲዮስ እጁን ሊሰድ ሲል፣ "እንዳትነካኝ!" የሚል ድምፅ ከድንጋዩ ሥር ወጣ። በቃ ቀረች አልኩ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ነጠላዋ ጭቃ ለብሶ፣ ጉልበቷ ደም ሆኖ ብቅ አለች። እልል አልኩ! ቱሪስቶቹም አጨበጨቡ።

ታዲዮስ ያን አንካሳ እግሩን አጥፎ በግድ ተንበረከከ፤ ድንጋዩን ሳመና አንሾካሾከ።

"ምን እያልክ ነው?" አለችው።

"ተሳልኩ። ጀርባሽን ካቀናችልኝ እኔም ተመልሼ መጥቼ እሾልካለሁ።"

የሺ ወደኛ ዞራ መጥታ በትሯን ከመሬት አነሳች።

"ታዲያ" አለችው፣ "ማንም እንዳያቆምህ።"