ጀማል ከውስጥ የያዘልኝ ፓራፋንጎ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በየጾሙ ነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ስለቅም፣ ይህን ዘልዬ ነው የምነሣው። ለእናንተ ግን ልናገር። ወተት ሻጯን እናት፣ አዴ ፋጡማን፣ በመኪና የገጨኋት እኔ ነኝ። ጥያት የሸሸሁትም እኔ ነኝ።

በጃንሆይ ዘመን ጎባ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ሚስት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። የነበረኝ ጀማል ብቻ ነው። እሱ የአንድ ነጋዴ እህል መጫኛ መኪና ይነዳ ነበር። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም ስለሆንን ሥጋ አንቋደስም እንጂ፣ ሽሮውንም ወተቱንም ከአንድ ገበታ ነበር የምንበላው።

አለቃዬን አጋርፋ አድርሼ፣ ሮቤ አድሬ፣ በማለዳ ወደ ጎባ ብቻዬን እየተመለስኩ ነበር። ጉም ወርዷል። ቢሆንም ቀስ ብሎ መንዳት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ፈጠንኩ። ወተት ለገበያ የምታወርድ ሴት ከመንገዱ ዳር ብቅ ስትል አየኋት፤ ወዲያው የግጭቱን ድምፅ ሰማሁ። ወረድኩ። ቦይ ውስጥ ወድቃ ታቃስታለች። ዓይኗን ጨፍናለች። በሕይወት መኖሯን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ አልነበረም፣ መኪናም በእጄ ነበር። ታዲያ ምን ያዘኝ? እንጀራዬን ፈራሁ፣ እስር ፈራሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ።

ቤቴ ስደርስ ላንድሮቨሩን ግቢ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። የቀኙ ፓራፋንጎ፣ የጎማው መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጋራዥ ብወስደው ወሬ ይሆናል። አጥቤው፣ ቡሎኑን ፈትቼ፣ በእንጨት መዶሻ ከውስጥ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። አንዱን ሳቀናው ሌላው ይጎብጣል። ከሰዓት በኋላ ጀማል እንደ ልማዱ በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምን መታህ?» አለኝ።

«ላም።»

«ላሟስ?»

«ተነሥታ ሄደች።»

«አልሐምዱሊላህ። ተው፣ እንዲህ ብቻህን አይቃናም። እኔ ከውስጥ ልያዝልህ፣ አንተ ከላይ ምታ።»

ግንድ ቁራጭ አምጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ደገፈልኝ። እኔ መታሁ፣ እሱ ያዘ። ስቱኮ ስቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ፣ እሱ የመብራቱን ክፈፍ ሊወለውል ጎንበስ አለ። ሳጥበው ያላየሁት ወተት ክፈፉ ውስጥ ደርቆ ነበር።

«ይቺ ላም እዚሁ ታለበች እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ።

አዴ ፋጡማን መንገደኞች አንሥተው ሐኪም ቤት አድርሰዋት ነበር። ዳሌዋ ተሰብሯል። መኪና መሆኑን እንጂ ምን መኪና እንደሆነ አላየችም። ያን ማለዳ የጀማል ጭነት መኪና ከሮቤ ሲወጣ ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ መኪናውም ድሮውኑ ያልተጋጨ ቦታ አልነበረውም። ፖሊሶች ያዙት። «በሼክ ሁሴን እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም» አለ። ማን ይመነው?

ምግብ ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። በእኛና በዘበኛው መካከል ጥቂት ርቀት ነበር። ጀማል እንጀራውን ሳይነካ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«የላሟ ባለቤት ተገኘ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ገብቶታል። ወተት ይዛ የተገጨችው ሴት ወሬ እሱም ጋ ደርሷል። እኔን አሳልፎ መስጠት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ራሴ እንድናገር ዕድል ሰጠኝ።

«አልተገኘም» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። ፍርድ ቤት ቀርቦም የእኔን ስም አላነሣም። ለምን? ራሴ እንድናገር እስከ መጨረሻው ይጠብቀኝ ነበር? ወይስ ተጸይፎኝ? አላውቅም። ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍት ያበቃ ነበር፤ አልከፈትኩም። ፈረዱበት። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ሪራ፣ ወገኖቿ ዘንድ ገባች።

አዴ ፋጡማ ድና በዱላ መሄድ ጀመረች። መንገድ ላይ ሳገኛት እዚያው መኪና ላይ አሳፍራት ነበር። ስትወርድ በመዶሻ ባቀናሁት ቆርቆሮ ላይ እጇን አሳርፋ ትመርቀኛለች፤ «ያንን ጨካኝ ረቢ ይፍረድበት፣ አንተን ግን ያቆይህ ልጄ» ትለኛለች። አሜን እላለሁ። ጓደኛ ላበጅ ብዬም አልቻልኩም፤ ሰው በቀረበኝ ቁጥር እሸሻለሁ።

ጀማል ሲፈታ ቤቴ አልመጣም። በቀጥታ ሪራ ወርዶ ንብ እያነበ ኖረ። መሞቱን የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ለቅሶ ሄድኩና ከሰው ጀርባ ተቀመጥኩ። ልጁ፣ አሁን ጎልማሳ ነው፣ ወተት በጽዋ ይዞልኝ መጣ።

«አባባ፣ ከየት ነዎት?»

«ከጎባ። ከአባትህ ጋር እንተዋወቅ ነበር።»

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «እንግዲያው ያውቃሉ። ሰው ገጭቶ ሸሸ የሚሉት እውነት ነው? እናቴ ውሸት ነው ትላለች፤ እሱ ግን ስንጠይቀው ዝም ይለን ነበር።»

ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ጃንሆይም ወርደው፣ ሊያስረኝ የሚችል ሰው በሌለበት፣ እግዚአብሔር ልጁን እፊቴ አስቀምጦ ጠየቀኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ?

«የድሮ ነገር ነው ልጄ፤ ተረስቷል» አልኩት።

ልጁ አቀርቅሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ወጣት አልነበርኩም፣ እንጀራዬም አልተነካም፤ ምን ላመካኝ? ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው ሰው ሪራ አፈር ለብሷል። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚወርድ ካለ ግን የጀማልን ልጅ ፈልጎ ይንገርልኝ፦ አባትህ ማንንም አልገጨም። የገጨው ለቅሶ ላይ ወተት ያቀረብክለት ሽማግሌ ነው።