«ሠራተኛችን» ያለኝ ልጅና ያስማማችን ሴት

በደል ደርሶብኛል፤ ከሁሉ በፊት እሱ ይጻፍልኝ። እኔ አስካለ፣ ከሟቹ ከጋሽ ተስፋዬ ጋር በከፈትኩት የልብስ ስፌት ቤት፣ በገዛ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ፣ የጋሽ ተስፋዬ ልጅ ዳዊት በደንበኛ ፊት «ሠራተኛችን ናቸው» ብሎኛል።

ይህን የምጽፈው ልጁን ላዋርድ አይደለም። ነገሩ አልቋል፤ እሱም አንብቦ ይውጣ ብሎኛል። እንዴት እንዳለቀ ግን በሙያው ያላችሁ፣ በተለይ ከሰው ጋር ተሻርካችሁ የምትሠሩ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል።

ወደ ስፌት የገባሁት ልጅ ሆኜ ነው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ አክስቴ ለገሃር አካባቢ አንድ ኮት ሰፊ ዘንድ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ቀን መርፌ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጌታው ያረጀ ኮትና ምላጭ ሰጡኝና ስፌቱን ፍቺው አሉኝ። ጨርቁን ሳልነካ ክሩን ብቻ እንዳወጣ ነው። እጅጌው ላይ ስደርስ ቀደድኩት። አልተቆጡም። መስፋት ማንም ይለምደዋል፣ መፍታት ግን እጅ ይፈልጋል ብለው ሌላ ኮት አመጡልኝ።

ጋሽ ተስፋዬ የዚያ ቤት ቆራጭ ነበር። በሙያችን ሥርዓት ቆራጭ ከሰፊ በላይ ነው። ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ደንበኛ የሚለካው እሱ ስለሆነ ቤቱ የሱ ይመስላል። ሰፊዋን ከጀርባዋ በቀር የሚያያት የለም። ጋሽ ተስፋዬ ግን ሁለታችን ካዛንቺስ የራሳችንን ቤት ከከፈትን በኋላ፣ ደንበኛ ለፕሮቫ፣ ያላለቀውን ልብስ ለብሶ ለማየት፣ ሲመጣ ሁልጊዜ እኔን ይጠራኝ ነበር። ትከሻው ላይ ሲጎትት እኔ ካላየሁት አይቀጥልም። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ለሆቴል አስተናጋጆች ዩኒፎርም፣ ለቢሮ ሰዎች ኮት ሠራን። ንግድ ፈቃዱ በሱ ስም ወጣ፤ ለማውጣት የሄደው እሱ ስለነበር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን ነገሬ ያለው አልነበረም።

ዳዊት ያደገው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ነው። አፉን ሲፈታ እቴቴ አለኝ፤ ስሜ እዚያው ቀረ። ደንበኞቹም ጭምር እቴቴ ይሉኛል። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ቶሎ እንዳያጥረው እግሩ ሥር ትርፍ ጨርቅ አጥፌ።

አባቱ ሲሞት ቤቱን ለመያዝ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ጎበዝ ነው። ትእዛዝ በስልክ ያመጣል፣ ኦቨርሎክ የሚሉትን የጠርዝ መስፊያ መኪና ገዛ፣ ሁለት ሰፊ ቀጠረ። ካዛንቺስ ሲፈርስ በቄራ በኩል ቤት ያገኘልንም እሱ ነው። አዲሱ ቤት ስንገባ ግን ታፔላው ላይ የአባቱ ስም ብቻ ተጻፈ። የኔ መኪና ደግሞ ከኋላ፣ ካውያው አጠገብ ተቀመጠ። ብርሃን ከአምፖልም ይገኛል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ የአንድ ሆቴል የግዥ ኃላፊ መጣች። የሰፋሁትን ኮሌታ አገላብጣ አየችና፣ እሳቸው ማን ናቸው ብላ ዳዊትን ጠየቀችው።

«ሠራተኛችን ናቸው» አላት።

መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የቤት ሠራተኛ መሆን ነውር ነው ማለቴ አይደለም። እናቴ በሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ያቃጠለኝ ያልሆንኩትን መባሌ ነው። ደግሞም ፈቃዱ በአባቱ ስም ስለነበር፣ ቃሉ ዝም ከተባለ እውነት ሆኖ ይቀራል። ያን ሁሉ ዘመን የደከምኩበት ቤት ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኜ እቀበራለሁ።

መጀመሪያ የመጡት የእድራችን ሽማግሌዎች ናቸው። ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ስንት ትዳር አትርፈዋል። ልጅ ነው፣ ለኛ ስትይ ተይው አሉኝ። ምኑን ነው የምተወው፣ ንገሩኝና ልተወው ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ዳዊት ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ስላስቀየምኩሽ አለኝ። እኔ መቀየሜን አውቀዋለሁ፤ የጠየቅኩት ያደረገውን ነው። እግሬን ሰበሰብኩ። ሽማግሌዎቹ ልበ ደንዳና ብለውኝ ወጡ።

መኪናዬን ከቤቱ ላወጣ ተሸካሚ ፈልጌ ነበር። ቢሮ የምትሠራው የልጅ ልጄ ናት የከለከለችኝ። እማዬ፣ ፍርድ ቤት ብትሄጂ መጀመሪያ የሚያየው ፈቃዱን ነው፤ ለምን አስማሚ አትቀጥሩም አለችኝ።

«ለእርቅ ሰው ይቀጠራል እንዴ? ደላላ ነው?» አልኳት።

ዳዊት ወዲያው እሺ አለ፤ ክፍያውንም ልቻለው አለ። እምቢ አልኩ። ሙሉውን የከፈለ ሙሉውን ይወስዳል ብዬ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። በኋላ ስሰማ ለካ ደንቡም እንደዚያው ኖሯል።

በቀጠሮው ቀን ነጠላዬን አደግድጌ፣ ሁለት ጎረቤት ለምስክርነት አስከትዬ ሄድኩ። አስማሚዋ ወይዘሮ ሕይወት የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። ምስክሮቼን በአክብሮት አስቀመጠቻቸውና፣ ሻይ አዛ፣ እዚህ የሚመሰክር የለም ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ ሥራዋን ነገረችን። አልፈርድም፤ ማን ልክ እንደሆነ አልናገርም። እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል። ያልተስማማው ተነሥቶ መሄድ ይችላል። ሁለታችሁ እስክትፈርሙ ድረስ ማንንም የሚያስር ነገር የለም።

«ታዲያ የምንከፍልሽ ምን ልትሠሪልን ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ያልተባባላችሁትን እንድትባባሉ ነው» አለችኝ።

እኔን ወይዘሮ አስካለ፣ እሱን አቶ ዳዊት ብላ መጥራት ስትጀምር ደሜ ፈላ። ሱሪውን የለካሁለትን ልጅ ነው አቶ የምትይው አልኳት። በዚህ ክፍል ሁለት ባለጉዳይ ነው ያለው አለችኝ። ዳዊትም ተከትሏት እርስዎ ይለኝ ጀመር። እውነት ለመናገር ከ«ሠራተኛችን» ያላነሰ ወጋኝ። ቆይቼ ግን ገባኝ። ከኔ እናትነቴን ስትወስድ ከሱም «ልጅ ነው» የሚለውን መሸሸጊያ ወሰደችበት። እንዲህ ያለ እኩልነት ሽማግሌ ፊት አግኝቼ አላውቅም።

በመሃል የጃኬቷ እጅጌ ገበር ተተርትሮ ሲንጠለጠል አየሁና ወዲያ አውልቂው ልስፋልሽ አልኳት። ጉዳያችሁ ካለቀ በኋላ፣ በዋጋዬ አመጣዋለሁ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

ቀጥላ ለየብቻ አነጋገረችን። ያ ቃል ቢነሣ በቦታው ምን እንዲገባ ይፈልጋሉ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የመጣሁት በደሌን ላወራ ነው፤ ይህን አስቤው አላውቅም። በመጨረሻ ስሜ ታፔላው ላይ ይጻፍ፣ መኪናዬ ፊት ለፊት መስኮቱ አጠገብ ይሁን፣ ሸሪክነቴ በሕግ ይታወቅ አልኩ። ደግሞ ለምን እንዳለው ይንገረኝ አልኩ። የመጀመሪያዎቹን አደርሳለሁ፣ የመጨረሻውን ግን ላስገድደው አልችልም አለችኝ።

እንደገና ሦስታችን ስንቀመጥ ዳዊት ተከላከለ።

«ሠራተኛ ማለት እኮ ጎበዝ ማለት ነው። አባቴ ራሱ ስለ እርስዎ ሲያወራ፣ ሠራተኛ ማለት እሷ ናት ነበር የሚለው።»

እውነቱን ነው፤ ጋሽ ተስፋዬ እንዲያ ይል ነበር። ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረውም።

«አባትህ ሠራተኛ ነው ያለኝ» አልኩት። «አንተ ሠራተኛችን ነው ያልከው። ያቺ ‹ችን› ከየት መጣች?»

ሽማግሌ ቢሆን እዚህ ላይ በቃ በቃ፣ ተሳሳሙ ይለን ነበር። ወይዘሮ ሕይወት ግን ውሃ ቀዳችልንና ዝምታውን ተወችው። ያን የለገሃሩን ጌታዬን አስታወሰችኝ። ጨርቁን ሳትነካ ክሩን ብቻ ነበር የምታወጣው። ዳዊት በዚያ ቀን ሳይመልስ ተለያየን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳዊት ሁሉንም እሺ ብሎ መጣ። ታፔላው የሁለታችንን ስም ይይዛል። መኪናዬ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሽርክናው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጻፋል። እኔ እንኳ ያልጠየቅኩትን፣ የሆቴሏ ሴትዮ ዘንድ ሄዶ የተናገረውን ራሱ እንደሚያርም ጨመረ። እኔም ደንበኛ ፊት ላላርመው ቃል ገባሁ፤ እሱ የጠየቀው ይህችን ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም በቦታው ነው። ወይዘሮ ሕይወትም እንዳለችው ጃኬቷን ይዛ መጣች፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተራዋን ጠብቃ አሰፋች።

አስማሚ የምትቀጥሩ ሰዎች፣ ፍርድ አትጠብቁ። አስማሚ እውነታችሁን አይታ አትፈርድላችሁም። ምስክር አታስከትሉ፤ ይልቅ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ሂዱ። ከዚያ በላይ የሚገኘው በሌላኛው ሰው ፈቃድ ነው።

በዚያ የመጨረሻ ቀጠሮ ለመፈረም እስክሪብቶ ይዤ ነበር የቆምኩት።

«ሁሉን ሰጠኸኝ» አልኩት። «ለምን እንዳልከው ግን አልነገርከኝም።»

ወይዘሮ ሕይወት ለመመለስ እንደማይገደድ ልታስታውሰኝ ስትል ዳዊት በእጁ ምልክት አስቆማት።

«እቴቴ» አለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲያ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። «የገባ ደንበኛ ሁሉ እቴቴ የት አለች ነው የሚለው። ሴትዮዋ ማን ናቸው ስትለኝ፣ ባለቤቷ ናት ብላት፣ አንተስ ማን ነህ እንዳትለኝ ፈራሁ።»