የመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት

ጉለሌ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት እንቁላል በማሽን መፈልፈል ሲያምራቸው፣ መቆጣጠሪያውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ሥራዬ ትንንሽ ቺፖችን ማስተካከል ነው። ስልሳውን እንቁላል አከራዬና ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ከሸጎሌ ገበያ ገዝተው፣ ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አቅፈው አመጡት። ሁለቱ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጨው እንኳ ለየብቻ ገዝተው አያውቁም።

ቺፕ ሥራ ሲበዛበት ይፈጥናል፣ ሲያርፍ ይዘገያል። ለእያንዳንዱ ፍጥነት ስንት ቮልት እንደሚያስፈልግ ሠንጠረዥ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቺፑ ሞቆ አጠገቡ ያለውን የሙቀት መለኪያ እንዳያሳስተው ብዬ፣ ማንም ሳይነካው ሲውል የሚወርድበትን የመጨረሻውን ዝቅተኛ ፍጥነት ከሚገባው ያነሰ ቮልት ሰጠሁት። አጉል ብልጠት! ክፍሌ ውስጥ ሳምንት ሞከርኩት፤ ምንም አልሆነም። የገባ ሁሉ «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» እያለ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ሲጫን ይውል ነበር። እኔ ሞኙ፣ ቺፑ አንድም ቀን እንዳላረፈ ልብ አላልኩም።

እንቁላል በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት አይገላበጥም፤ ሳጥኑም አይከፈትም። አከራዬ ዓይን እንዳይገባበት ብለው በሻርፕ ሸፈኑት። እኔንም «እንዳትነካው!» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤትየዋ መጡና ሻርፑን ገለጥ አድርገው «ውይ፣ ብዛታቸው!» አሉ። ማሻአላህ አላሉም።

ቀኑ ደርሶ አንድም ጫጩት አልወጣም። ሳጥኑን ስከፍተው እንቁላሎቹ በረዶ ሆነዋል፤ ስክሪኑ ግን አሁንም ሠላሳ ሰባት ተኩል ይላል። ሻርፑ ሥር ማንም ሳይነካው ሲውል ቺፑ አርፏል፤ ቮልቱ አንሶትም ባለበት ደርቆ ቀርቷል፣ ማሞቂያውም እንደጠፋ። ወዲያው ገባኝ።

አከራዬ ግን አጥሩ ጋ ቆመው «ዓይንሽ ይፍሰስ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» እያሉ ነበር። ጎረቤትየዋ ገብተው በራቸውን ዘጉ። እኔም እውነቱን አልተናገርኩም። አፈርኩ፣ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የቮልቱን ቁጥር ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እውነቱን የተናገርኩት ግን በዘጠነኛው ቀን ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽኑ ነው እንጂ ዓይን አይደለም» አልኳቸው።

«እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«አዎ።»

«እንቁላሉስ እንቁላል ነው። እህቴን ነው ያሳጣኸኝ» አሉ።

ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ተከተልኳቸው። የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ውስጥ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ተዘጋ። ቆመን ጠበቅን። አልከፈቱም።