«የድሮው» የሚል ጽሑፍ የተንጠለጠለበት ሰው

ዕድሜውን በተራራ መንገድ የተጓዦችን ጓዝ ሲሸከም ኖሯል፤ ባልደረቦቹ «ጀርባው» ይሉታል። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ያሰናበተው ድርጅት ዘንድሮ ለእግር ጉዞ ፌስቲቫል መልሶ ጠራው። «ሥራው ቀላል ነው፤ መቆም ብቻ» አሉት። እሱ ግን ለቤተሰቡ «አማካሪ አደረጉኝ» አለ። ልጁ ቃሉን አምና ለእጮኛዋ እናት ነገረች፤ ሰውን በሥራው የሚመዝኑት ሴትዮም «እንግዲያውስ እዚያው ሄደን እንተዋወቃቸው» አሉ።

በፌስቲቫሉ አዳራሽ መብራት ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ድንኳን፣ በሁለት ጣት የሚነሣ ቦርሳ፣ ኪስ የሚገባ የዝናብ ልብስ ተደርድሯል። ከጎናቸው እሱ ቆሟል፤ በጀርባው ድንጋይ የታጨቀበት የሸራ ሻንጣ፣ በአንገቱ «የድሮው» የሚል ጽሑፍ። ሻንጣው በጥጥ ቢሞላ ተመልካች ልዩነቱን ባላወቀ ነበር። ድንጋይ የተመረጠው ላቡ እውነተኛ እንዲሆን ነው፤ ይህን በስብሰባ መክረው የወሰኑት የተማሩ ሰዎች ናቸው።

«የእኛን ቦርሳ ቀድመው ቢያገኙ ኖሮ ቁመታቸው ጣሪያ ይነካ ነበር!» አለ አስተዋዋቂው። ሕዝቡ ሳቀ። «ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ፤ ለቅሶ ቤት አስመሰሉብን እኮ!»

ልጁ ከእጮኛዋ እናት ጋር የደረሰችው ይኼኔ ነው። አስተዋዋቂው ከተመልካቹ መካከል እጇን ይዞ አወጣት።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ አዲሱን ሞክሪው።»

ቦርሳውን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች አባቷን አየች።

«የድሮውንስ? ታውቂዋለሽ?»

የተጠየቀችው ስለ ሻንጣው ነው። የእጮኛዋ እናት ስልካቸውን ደግነው ፎቶ ያነሣሉ። ልጅቷ ዓይኗን ከአባቷ ወደ ስልኩ መለሰች።

ሰውየው ከነድንጋዩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የቦርሳዋን ማሰሪያ አቃናላት።

«ጠበቅ ያድርጉት እንጂ፣ እመቤቴ። እንዲህ ከተዉት ትከሻዎን ይጎዳዎታል።»

አዝሎ ያሳደጋትን ልጅ አንቱ አላት።

«አላውቀውም» አለች፣ ወደ አስተዋዋቂው ዞራ።

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ሰውየው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጽሑፉ ዞሮበት ስለነበር አስተዋዋቂው አስተካከለለት።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው!» አሉ የእጮኛዋ እናት ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ። «በይ አሁን አባትሽ ጋ ውሰጂን።»

«ስብሰባ ላይ ነው» አለች ልጅቷ።