ብቸናን ማን ፈለጋት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው የቢቸናውን አለቃዬን አላወቃቸውም እንጂ ሦስተኛ አድርጎ ይጨምራቸው ነበር።

እኔ ቢቸና በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ ሚስቴ ሞጣ ታስተምራለች። ተጋብተን ገና አልተጠጋገብንም። ዓርብ ማታ ሚኒባስ፣ እሑድ ማታ ሚኒባስ፤ ወገቤ አለቀ። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው "ሪፖርቱን ማን ይሠራልኛል?" ይላሉ። ሚስቴ ደግሞ ስልክ ስደውልላት "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሲሆን ይሆናል" ትለኛለች። እውነት ለመናገር ከአለቃዬ መልስ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የሷ ነበር። ሚስት ለባሏ ትንሽ እንኳ አትጨነቅም?

ሪፖርት የሚሉት ይኼ ነው። መሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ አለው፤ ማስታወቂያና የዝውውር ውሳኔ ይወጣበታል። ሰው በኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ምን ብሎ ጽፎ እኛን እንዳገኘ፣ በስንተኛ ተራ እንደወጣን፣ ሰኞ ሰኞ አንድ በአንድ እየለቀምኩ በሠንጠረዥ አቀርባለሁ። ኔትወርክ ሲኖር ነው ታዲያ። ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ሁለቱም ሲገጥሙ ስብሰባ ይጠራል።

በመጨረሻ ተናደድኩና ሥራውን ለማሽኑ ሰጠሁት። ሰኞ ጠዋት ቁጥሩን ራሱ ይለቅማል፣ "ተፈላጊ ቃላት" የሚል ርዕስ ሰጥቶ በደረጃ ይደረድራል፣ ለአለቃዬም ለዞንም ለኔም በኢሜይል ይልካል። የሰው እጅ አይነካውም። እንግዲህ ምን ሰበብ ያመጣሉ ብዬ የዚያን ሰኞ ፈቃድ ሞልቼ ሞጣ ዋልኩ።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ስልኬ ጠራ። አለቃዬ ናቸው። ምስጋናውን ሚስቴም ትስማው ብዬ ድምፁን ከፍቼ አነሳሁት።

"ሪፖርቱ ደረሰዎት ጋሼ?"

"ደርሶኛል። ዞንም ደርሶ ደውለውልኛል። ላንብብልህ? አንደኛ፣ ብቸኛ ሴት። ሁለተኛ፣ የብቸኝነት መድኃኒት። ሦስተኛ፣ ብቸኛ ነኝ ማን ያግባኝ። ይኼ መሥሪያ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው አጋቢ የሆነው?"

ጉዱ ወዲያው ገባኝ። የከተማችንን ስም አንዱ ቢቸና፣ ሌላው ብቸና ብሎ ይጽፋል። ድረ ገጻችን ላይ የተጻፈው "ብቸና" ነው፤ መፈለጊያው የሚያውቀው ቃል ደግሞ "ብቸኛ" ስለሆነ የተሳሳትን መስሎት አርሞናል። የአገሩን ብቸኛ ሁሉ እኛ ዘንድ ይልክ ነበር ማለት ነው። እኔ በእጄ ስለቅም ከሥራችን ጋር የማይገናኘውን ቃል እዘለው ነበር፤ ማሽኑ ግን ምንም አይዘልም። ይህን አስረዳኋቸው። አለቃዬ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ናቸው፤ ቃል ሲሰነጠቅ አንጀታቸው ይርሳል። ሳቁ፣ ሳቁ።

"ቆይ፤ እኛን ብሎ የፈለገን ሰው የለም ማለት ነው?"

"የለም ብል ይሻላል ጋሼ።"

"እታች አንድ አለ። 'ብቸና ዝውውር ወጣ ወይ' ይላል። በየቀኑ ነው የተፈለገው፤ ትናንት እሑድ እንኳ አልቀረም። አንተ ነህ?"

አይደለሁም ልል ቀና ስል፣ ሚስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። ሲሆን ይሆናል ባይዋ። እሑድ እኮ እኔ ሶፋው ላይ ተኝቼ ሳንኮራፋ ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ።

"ሚስቴ ናት" አልኳቸው።

"እንግዲህ አንተን ከለቀቅሁህ ያለችንን አንዲት ፈላጊም ማጣታችን ነው።"

"ነው ጋሼ።"

"እንጣት እንግዲህ። ነገ መጥተህ ደብዳቤህን ውሰድ።"

ጠቅልዬ ሞጣ በገባሁ በመጀመሪያው ሰኞ ማሽኑ ሪፖርቱን ለኔም ላከልኝ። ስሜን ከተቀባዮቹ ማውጣት ረስቼ ነበር። ብቸኞቹ እንዳሉ ናቸው። እታች፣ ዝውውር ከሚለው ትይዩ፣ ዜሮ ተጽፏል። ስልኩን ለሚስቴ አሳየኋትና "አለቃዬ ያሳዝናሉ፤ በይ እስቲ አንዴ ፈልጊላቸው" አልኳት።

"ከእንግዲህ ምን እፈልጋለሁ" አለችና የተማሪዎቿን ደብተር ማረሟን ቀጠለች።