ጋቢ የለበሰው ፕሮፔለር

ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር፤ እሱም በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ ካቀፈ ሰው አጠገብ። ሰውየው ዕድሜው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ነው። ዕቃህን ጣሪያ ላይ እንጫንልህ ቢሉት በጄ አላለም።

ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ብዙም አልታገሡ። «ወንድሜ፣ ልጁ ዝምተኛ ነው። ጡጦ ይዘህለታል?»

«እሱ የሚጠጣው ቤንዚን ነው፣ እናቴ» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

እኔ ደግሞ ወሬ የጀመረ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ፤ አራት ሰፋፊ ቢላዎች ያሉት፣ እንደ አበባ የተከፈተ የሚያብረቀርቅ ብረት።

«ቬንትሌተር ነው?»

«የጀልባ ፕሮፔለር ነው። ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ ውኃውን ይገፋል።»

«ለመርሐቤቴ ተራራ? ጀልባ?»

«የሰማ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ» አለ፤ እዚያው ስሙን ነገረኝ። ሪድዋን ያሲን ይባላል። አባቱ ዓለም ከተማ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሱ በሃያ ዓመቱ ላንጋኖ ወርዶ፣ እንግዶች በውኃ ላይ የሚንሸራተቱባቸውን ፈጣን ጀልባዎች ሲጠግንና ሲነዳ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ። አባቱ ሲታመሙ ተመለሰና ከባለቤቱ ከራውዳ ጋር ሱቁን ያዘ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው አንድ የአገሩ ተወላጅ፣ አቶ ቴዎፍሎስ፣ ከፈጣን ጀልባዎቻቸው አንዷን ለአገሩ ሰጡ። ከጀማ ወንዝ ድልድይ ርቆ ወደ ታች፣ በበጋ በእግር የሚሻገሩበት መልካ አለ፤ ክረምት ሲገባ የወዲያና የወዲህ ማዶ ሰው ተለያይቶ ይከርማል። የአገሩ ማኅበር ጀልባ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ከሪድዋን ሌላ አላገኘም።

አውቶቡሱ የጀማን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ሪድዋን ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንዙ ሩቅ ታች፣ ደፍርሶ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይታያል።

«ይኸው ሠላሳ ስድስት ቀኑ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያወራኝ ሳልጠይቀው ነው።

ፕሮፔለር እንደ ቡሎን ነው አለኝ። አንዴ ሲዞር ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተቀርጿል። የድሮው አሥራ ሰባት ይል ነበር፤ አሥራ ሰባት ኢንች፣ አንድ ክንድ ገደማ። «ቡሎን እንጨት ውስጥ ሲገባ የተባለውን ያህል ይገባል። ውኃ ግን ይሸሻል። ስሌቱ በሰዓት ሰባ አንድ ኪሎ ሜትር ትሮጣለች ይላል። ብቻዬን ሆኜ በስልኬ ስለካት ስልሳ ሦስት ሮጠች። ከመቶው አሥራ አንዱን ውኃ በላው ማለት ነው። ለእንዲህ ያለች ጀልባ ይህ መልካም ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ሞከርኳት አልኩ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ብቻዬን ነበርኳ!»

ከሠላሳ ስድስት ቀን በፊት ወዲያ ማዶ ሰው ሞተ። ከወዲህ ያሉ ዘመዶች በጠዋት መልካው ላይ ተሰበሰቡ፤ አሥራ አራት ናቸው። ጀልባዋ ከስምንት በላይ እንደማትችል ሪድዋን ያውቃል። ሁለቴ ልመላለስ ቢል ማን ይቀራል? ለቀስተኛ ተያይዞ ነው የሚገባው፤ ኋላ የደረሰው ሬሳው ከቤት ወጥቶ ቢጠብቀው የዕድሜ ልክ ወቀሳ ነው። እሱ ደግሞ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን። «አንተ ምን ቸገረህ፣ ያንተ ለቅሶ አይደለም» እንዳይሉት ፈራ። ሟቹንም ያውቃቸዋል፤ ከአባቱ ሱቅ ጨርቅ ሲገዙ ኖረዋል። አሥራ አራቱንም ጫነ።

«መካከል ስንደርስ አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ ቂጧ ወደ ውኃ። ሞተሩ በደቂቃ ከሦስት ሺህ ዙር አልወጣም አለ። በስሌቱ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መሮጥ ነበረባት፤ ከሚሮጥ ሰው አትበልጥም ነበር። ግማሽ የሚሆነው ጉልበት ሲሸሽብኝ እጄ ላይ ይሰማኛል። ደንግጬ ጋዝ ጨመርኩ። ያኔ ፕሮፔለሩ በውኃ ፋንታ አየር ዋጠ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋ ቆመች። ወንዙም ወስዶ ድንጋይ ላይ ጣለን፤ ፕሮፔለሩ እዚያው ተሰበረ።»

ከለቀስተኞቹ መካከል የነበሩት የእማማ ጌታነሽ ልጅ በኃይሉ ጀልባዋን ከድንጋዩ ሊገፋ ዘሎ ወረደ። ጀልባዋ ተላቀቀች፤ እሱን ውኃው ወሰደው። ብዙ ርቆ አሸዋ ላይ አገኙት፤ ሕይወቱ ተርፏል፣ ቀኝ እግሩ ግን ከሁለት ቦታ ተሰብሯል። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ብረት ገብቶለታል። ሪድዋን አሁን የመጣው እሱን ጠይቆ፣ ፕሮፔለሩንም ገዝቶ ነው።

«በኃይሉ ምን አለህ?»

«ወንዙ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ አለኝ። እናቱም እንደዚሁ። አገር በሙሉ እንደዚሁ። ማታ ማታ ሱቁ ድረስ እየመጡ የሚያጽናኑኝ እኔን ነው።»

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ፤ አውቶቡሱ እያጉረመረመ ተሳበ።

«አየህ? በአምስተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ምን ይሆን ነበር? ይኼ አሥራ ሦስት ነው» አለ ጋቢውን መታ መታ አድርጎ። «በአንድ ዙር ስንዝር ተኩል ያህል ብቻ ይራመዳል። አራት ቢላ ስለሆነ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል። ጭነት ያነሣል፤ ፍጥነት የለውም። ባዶዋን ስነዳም ጋዙን መቆጠብ አለብኝ፣ አለዚያ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞራል።»

አቶ ቴዎፍሎስ ያንኑ አሥራ ሰባቱን አዲስ ገዝቼ ልላክልህ ብለውት ነበር። አይሆንም ሲላቸው በስልክ «ፈረሴን አህያ ልታደርጋት ነው?» አሉት።

«ምን አልካቸው?»

«ለቅሶ የሚኬደው በአህያም ነው አልኳቸው።»

አሁን ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። የሟቹ አርባ እሑድ ነው። እነዚያው ሰዎች መልካው ላይ ይመጣሉ። በዚህ ፕሮፔለርም ቢሆን ከስምንት በላይ አይጫንም።

«በቃ፣ ስምንት ብቻ በላቸዋ» አልኩት፣ ከዳር ለሚያይ ሰው ነገሩ ሁሉ ቀላል ነውና።

«'ያን ቀን አሥራ አራት ጭነህ የለም?' ይሉኛል። ያኔም አትችልም ነበር ልል ነው። አውቄ ነው የጫንኳችሁ ልል ነው። ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ ወንዙ ነው ሲሉ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ተቀምጬ።»

«ራውዳስ ታውቃለች?»

«እሷ ናት 'እስከ መቼ ወንዙን ታስወቅሳለህ' ያለችኝ።»

ከኋላችን ያሉት ሴትዮ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

መናኸሪያ ስንወርድ ጋቢውን ከነብረቱ ትከሻው ላይ አስተካክሎ እጄን ጨበጠኝ። እሑድ ምን ልታደርግ ነው አልኩት።

«እሑድን አልጠብቅም» አለ። «ነገ ጠዋት እማማ ጌታነሽ ቤት እወርዳለሁ። ሰው ፊት ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ከዚያ በኋላ ጀልባዬ ላይ ይውጡ፣ አይውጡ፣ እሳቸው ያውቃሉ።»