የባዶው አልጋ ሙቀት

ዋርዳችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። በሽተኞቹም እኛም «ሲስተር መጣሁ» ነው የምንላት፤ ከየትኛውም አልጋ ሲጠሯት አፏ ላይ የምትቀድመው ቃል እሷ ስለሆነች። መጣሁ ብላ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። እኔ ነገር የምወድ ሴትዮ ነኝ፣ ሰው ሲመሰገን ብዙም ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ይህን ስል እመኑኝ።

በሥራው አሥራ ሁለት ዓመት እቀድማታለሁ። መጀመሪያ ስትመጣ ጉልበቷ ያናድደኝ ነበር። አልጋ ስታነጥፍ ታንጎራጉራለች፤ በጠዋቱ ምን አስደስቷት ነው እያልኩ እነጫነጫለሁ። ጉልበቷ ከየት እንደሚመጣ ኋላ ነው የገባኝ። ቤት እናቷ አሉላት፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ይቀበሉላታል፣ ራት ያሰናዱላታል። ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ጓደኛም ነበረቻት፤ ከሥራ ሲወጡ አርባ ደቂቃ ያህል በእግራቸው እየሄዱ ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ያማሉ። የሐኪም ሐሜት ጥሩ እንቅልፍ እንደሚያስተኛ እኔም እመሰክራለሁ።

በሦስተኛው ዓመቷ ለሁለት ሳምንት የቁስል አያያዝ ሥልጠና ተላከች። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። የተጣለ ቁም ሳጥን ለምና፣ ራሷ አጥባ፣ ፋሻውንና መቀሱን በየዓይነቱ ደረደረችበት። ስኳር ያለባቸው አንድ ሽማግሌ እግራቸው ሊቆረጥ ተወስኖ ነበር፤ ሐኪሙን አስፈቅዳ ሁለት ወር ሙሉ እያጠበች እግራቸውን አተረፈችላቸው። ያን ሰሞን ሁለት ፈረቃ ደርባ ብትሠራ እንኳ ድካም የሚባል አይነካትም ነበር። ሥራው ሲያምርላት ትደፍራለች፣ ስትደፍር ደግሞ የባሰውን ያምርላታል።

ከዚያ መጉደሉ ጀመረ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ቢሆንማ ሰው ያይላት ነበር። መጀመሪያ ጓደኛዋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ብቻዬን ምን ያስኬደኛል ብላ አውቶቡስ መያዝ ጀመረች። የቀኑን ብስጭት መንገድ ላይ ጥላው መግባቷ ቀረና ልጇ ላይ መጮህ አመጣች። ቀጥሎ እናቷ ታመሙ፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ደጋፊዋ የነበሩት ሴትዮ ተደጋፊ ሆኑባት። እንቅልፏ ተቆራረጠ። እንቅልፍ ስታጣ ትረሳለች፣ ስትረሳ ትገሠጻለች፣ ስትገሠጽ እሱን ስታብሰለስል ታድራለች። አንድ መድኃኒት አርፍዳ ሰጥታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በላዩ ላይ ቁም ሳጥኗ ለቢሮ ፋይል ይፈለጋል ተብሎ ተወሰደ። በእናቷ ሕመም ያላለቀሰች ሴት በቁም ሳጥን አለቀሰች። እኛ ሳቅንባት። እኔም ስቄያለሁ።

እምቢ ማለት ስለማትችል ተራ መቀየር የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚሄደው። የልጁ ምርቃት የደረሰበት፣ ወገቡን ያመመው፣ ዝም ብሎ የሰለቸውም። በእኔ ቦታ ብቻ በዚያ ዓመት ስድስት ጊዜ ገብታልኛለች፤ አንዴም አልመለስኩላትም።

አንድ ቀን ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆማ ዳቦ ስትበላ አገኘኋት።

«ቁጭ ብለሽ አትበይም?» አልኳት።

«ቁጭ ካልኩ መነሣቱ ነው የሚያስቸግረኝ፣ እትዬ።»

«ዓመት ፈቃድሽን ለምን አትወስጂም?»

«በእማዬ ምልልስ አለቀ።» ትንሽ አላመጠችና «ሲጠሩኝ አፌ መጣሁ ይላል፤ ሆዴ ግን ምነው ዝም ባሉ ይላል» አለችኝ።

ነርስ እንዲህ ስትል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ሁላችንም እንደዚያ ነን» ብያት ወጣሁ።

ጉዱ የፈላው ሐሙስ ቀን ነው። ከእኛ ውጭ ሰው የማያውቃት አንዲት ልማድ አለችን። ሥራ ሲበዛ ሙቀትና ግፊት መለካቱን ትተን፣ ወረቀቱ ላይ የጠዋቱን ቁጥር አይተን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገን እንጽፋለን። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አያወራውም። ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ወጪ፣ እኔ ገቢ ነበርን፤ ተረካክበን ልብሷን ልትቀይር ሄደች። ሐኪሙ ሲዞር የአሥራ አንድ ቁጥር አልጋን ወረቀት አነሣ፤ አነበበ፤ አልጋውን አየ። በሽተኛው ረፋዱ ላይ ድኖ ቤቱ ገብቷል፤ አንሶላው ሳይቀር ተነሥቷል።

«ሙቀት ሠላሳ ስድስት ከስምንት፣ የልብ ምት ሰባ ስምንት» ብሎ አነበበ ሐኪሙ። «ፍራሹ ደህና ነው።»

ዋርዱ በሙሉ ሳቀ።

ኃላፊያችን ሳቁን ሰምታ መጣች፤ እሷንም አስጠራቻት። ቦርሳዋን አንግታ፣ የቤት ልብሷን ለብሳ መጣች። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባት ከዋርድ እንደምትወጣ ሦስታችንም እናውቃለን። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወደ ጥግ ወሰደችንና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወረቀት ተምታቶብኝ የሌላ ሰው ጻፍኩበት በይና እንለፈው» አለቻት።

እኔ በሆዴ በይ እንጂ፣ በይ እላለሁ።

«አልተምታታብኝም፤ አልለካሁም» አለች። «ሌሎቹንም ዘጠኝ ሰዎች አልለካሁም። እባካችሁ አሁን ይለኩ።»

ለካናቸው። ስምንቱ ደህና ናቸው። አራት ቁጥር ላይ የተኙት እናት ግን ሙቀታቸው ሠላሳ ዘጠኝን አልፏል፣ ግፊታቸው ወርዷል፤ ወረቀታቸው ላይ ግን ምንም የላቸውም። ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። ተሯሯጥን። እሷ ቦርሳዋን እንዳነገተች ግሉኮሱን ስትሰካላቸው እጇ አልሳተም። ሴትዮዋ ተረፉ።

ደብዳቤው አርብ ደረሳት፤ ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ተመደበች፣ መዝገብ ማውጣትና መመለስ። ስታነበው አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷ ላይ ሐዘን ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ዕረፍት ነው። ያን ሁሉ ቁስል ያዳነች ሴት ከበሽተኛ በመራቋ ዐረፈች። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሰው ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ርክክብ ላይ ወጪዋም ገቢዋም ይፈርማሉ። የአሥራ አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ከሷ ፊርማ ሥር የእኔ አለ፤ ስፈርም ቀና ብዬ አልጋውን አላየሁም። ያንን ሁሉ ስትጠየቅ ስሜን አላነሣችም። ቅዳሜንና እሑድን ስብሰለሰል ከርሜ ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ።

«እዚያ ወረቀት ላይ እኔም ፈርሜያለሁ» አልኳት።

ከምትጽፈው ቀና ሳትል «አይቻለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሁለታችሁንም ካስወጣሁ የሷን የዛሬ ተራ ማን ሊገባልኝ ነው?»

ጋውኔን ለብሼ ገባሁ።